የኢንሳፍ መንገደኛ

ነዝለት ሱብሒ በሚሏት መንደር ባሏ ከአጠገቧ የሌለ ሴት ጥቁር ትለብሳለች። ሞቶባት እንደሆነ ለሐዘኑ፣ ጠፍቶባት እንደሆነ ለሰው ዓይን። ኢንሳፍ ግን ባሏ ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎ እንኳን ጥቁር አልለበሰችም። ቢጫ አበባ የፈሰሰበት ቀይ ጀለቢያ ነበራት፤ ሲያልቅባት ቁርጥ ያንኑ የመሰለ ታሰፋለች። ረቡዕና ዓርብ ማለዳ ያንን ለብሳ የሸንኮራውን እርሻ ዳር ዳር ይዛ ወደ ቅዱስ ሚናስ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ከአባይ ማዶ ጀልባ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ ያዩአታል።

"ደግሞ ሙሽራዋ ወጣች!" ይላሉ ጉድጓድ ውሃ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች።

"ሙሽራ ነኝ፤ ቅናት ከያዛችሁ የናንተዎቹንም ላኳቸው!" ትላቸዋለች ሳትቆም። "ምናልባት ሲርቁ ያምሯችሁ ይሆናል።"

እሑድ እንደ ሰው ሁሉ ታስቀድሳለች፤ የእሷ ቀን ግን እሑድ አልነበረም። በማለዳው የዕጣን ጸሎት ላይ ካህኑ የሚለምነው እንደ ቀኑ ይለያያል። እሑድ ስለ መባው ነው፣ ቅዳሜ ስለ ሙታን፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ ስለ መንገደኞች። በነዝለት ሱብሒ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት ቀናት የሚቀደሰው በሁለቱ ብቻ ስለነበረ፣ መንገድ ላይ ሰው ያለው ሁሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ጸሎት ሳይጀመር ካህኑን ጠጋ ብሎ የሰውየውን ስም ይነግረዋል። መንገደኛው ሲመለስ ስሙን መንገር ያቆማል። ኢንሳፍ አላቆመችም።

ባሏ ቡቅጡር ይባላል። ከተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ለግንበኝነት ሥራ ወደ ኢራቅ ሄደ፤ ያኔ የመንደሩ ወንድ ግማሹ እዚያ ነበር። መሄዱን ኢንሳፍ አልተቃወመችም። የተቃወመችው ቀኑን ነው። ሰውየው የመረጠው ጸሎተ ሐሙስን ነበራ!

"የሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን አልነበርክም እንዴ?" አለችው። "በሕማማት ለሚሞት ሁሉ ፍትሐቱ እሑድ ዕለት ተደርጎ አልቋል። ፍትሐቱ ተነቦለት ቤቱን ጥሎ የሚወጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ፋሲካን ዋልና ሂድ።"

"ባቡሩ ሕማማት አያውቅም።"

"አንተስ አታውቅም?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ልቀቂኝ!" አላት፤ እናቱ ፊት፣ ወንድሙ ፊት። ኢንሳፍም ለቀቀችው። ሦስት ቀን ሙሉ ሊጡን ፀሐይ ላይ ኩፍ እያስባለች የጋገረችለትን የመንገድ ዳቦ ግን ከነጨርቁ ደበቀችው። ቡቅጡር ባዶ እጁን ወጣ። ጀልባው መሐል ወንዝ ሲደርስ ዳቦውን እየቆረሰች ለዝይዎቿ በተነችው፤ ዝይዎቹ እየተራኮቱ ሲበሉ ቆማ አየች፤ ደስም አላት። ደስታዋ ግን እስከ ማታ አልቆየም።

ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ወደ ወንድሙ ወደ ሻኪር ይጻፋል፤ ለእናቱ ለባሂያ ሰላምታ፣ ለሻኪር ሰላምታ፣ ለጎረቤት፣ ለአጎት፣ "አህያዋ እንዴት ናት?" ይላል፣ ከዚያ በስተመጨረሻ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል፣ "ለኢንሳፍም ሰላም በሉልኝ።" ከአህያ በታች መውረድ ማንንም ያንገበግባል። በሁለተኛው ዓመት መኸር ከዚያ የተመለሰ አንድ ወሬኛ፣ ቡቅጡርን ሻይ ቤት ከሴት ጋር ተቀምጦ አየሁት ብሎ አወራ። ወሬው ዓርብ ማታ ኢንሳፍ ጆሮ ደረሰ። ቅዳሜ ማለዳ ኢንሳፍ ቤተ ክርስቲያን ነበረች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የመንደሩ ካህን አባ ማቴዎስ ታመው ተኝተው ስለነበር ከወንዙ ማዶ የመጣ እንግዳ ቄስ ነበር የሚያገለግለው። በር ላይ ቆሞ የሙታኑን ስም ሲቀበል ኢንሳፍ ተራዋን ጠብቃ ቀረበች።

"ስም?"

"ቡቅጡር።"

"ምንሽ ነው ልጄ?"

"ባሌ።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አላት ቄሱ፤ እሷም አሜን ብላ ገባች።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለእኔ ሞቷል ማለቷ ነበር፤ ለሰው ሳይሆን ለእግዚአብሔር መክሰሷ ነበር። እንግዳው ቄስ ይህን በምን ይወቅ? ድምፁን ከፍ አድርጎ "ባሪያህን ቡቅጡርን" ብሎ በሙታን መካከል ጠራው። ከሴቶቹ ረድፍ ፊት የቆመችው አማቷ ባሂያ ሻሿን ከራሷ ላይ ጎትታ ጣለችና እሪ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይሰማል! እኩለ ቀን ሳይሞላ ሻኪር ደጃፉ ላይ የልቅሶ ድንኳን ተክሎ፣ አልቃሾች ፊታቸውን እየጠፈጠፉ፣ የአጎራባች መንደር ሰው በጀልባ እየጎረፈ ነበር። ኢንሳፍ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆማ ጮኸች።

"አልሞተም! ለእኔ ነው የሞተው! ተናድጄ ነው ያልኩት!"

እስከ ማታ ድረስ አላመኗትም። ሲያምኗት ደግሞ ሳያምኗት በቀሩ አሰኛት። ለቅሶኛው እየተሳደበ ተበተነ። ሻኪር ድንኳኑን እየነቀለ ዞር ብሎ አላያትም። ክፉው ነገር ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ከቡቅጡር አንድም ደብዳቤ አልመጣም። እዚያ በተነሣው ጦርነት የግንበኞቹ ሰፈር በቦምብ ተመታ የሚል ወሬ መጣ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ የሚናገር ግን ጠፋ። ወር ሄደ፤ ዓመት ሄደ። አማቷ ባሂያ እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትላት።

"በአፍሽ ቀበርሽው።"

ለሌላው ሰው ሁሉ አጸፋ የማታጣው ኢንሳፍ ይህን ግን ራሷም ታምነዋለች። አባ ማቴዎስ ከሕመማቸው ሲነሡ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"አባቴ፣ የተጸለየ ጸሎት ይሻራል?"

አባ ማቴዎስ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳቅ ሲመጣባቸው ጢማቸውን ይይዛሉ። ያን ቀን ያዙት።

"አንቺ፣ እግዚአብሔር እንደ ሻኪር የሰማውን ሁሉ አምኖ ድንኳን የሚተክል መሰለሽ?" አሏት። "ቅዳሜ አንዴ ተናገርሽ። እንግዲህ ረቡዕ ነይ፤ ዓርብ ነይ። አፍሽ ከሙታን መሐል ከተተው፤ አፍሽ ጎትቶ ያውጣው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ማጽናኛ ሰምቶ ይረሳው ነበር። ኢንሳፍ ሥራ አድርጋ ያዘችው። አንድ ቅዳሜን በስንት ረቡዕ እንደሚሽሩት የነገራት ስላልነበረ፣ እንዳይጎድልባት አታቆምም። ቤቷ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ ጎረቤት የሰማት፣ ከሰው ጋር የምትጣላ ይመስለዋል። "ደግሞ የዚያችን ቅዳሜ ነገር እንዳትቀበለኝ! የተቀበልከኝ እንደሆነ የማደርገውን አውቃለሁ!" ትላለች። መለማመጥ አልተፈጠረባትም። ከጎበጠ ለማኝ ይልቅ ድርሻውን ሊያስከብር ችሎት የቆመ ሰው ትመስል ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላ፣ ባሏ የጠፋባት ሴት እንደ መበለት ተቆጥራ ልታገባ ትችላለች ተብሎ፣ አንድ ደህና አናጢ በሽማግሌ ጠየቃት። ሽማግሌዎቹ ፉላቸውን በልተው ሲጨርሱ "ባለትዳር ነኝ፤ አናጢውን ሰላም በሉልኝ" ብላ ሸኘቻቸው።

አባ ማቴዎስ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን በመንገደኞች መካከል ጠሩላት። ከዚያ እሳቸውም ወደማይቀረው ሄዱ፤ አባ ቢሾይ ተሾመ። አባ ቢሾይ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልሞላ፣ እናቱን የምታህለውን ሴት ሁሉ "ልጄ" የሚል ወጣት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥርዓት ይወዳል። ሻኪር ይህን ሲያይ ጊዜው የእሱ መሰለው።

የሻኪር ነገር እንዲህ ነው። ወንድሙን ይወድ ነበር፤ መንደሩ ግን "ወንድምህ ሚስቱን ጥሎ ኮበለለ" ሲለው ቅስሙ ይሰበራል። በሰው አገር በጦርነት የሞተ ወንድም ያስከብራል፤ የሸሸ ወንድም ያሳፍራል። የኢንሳፍ ቀይ ጀለቢያ በሸንኮራው ዳር ባለፈ ቁጥር፣ አልሞተም፣ ሸሽቷል እያለ የሚለፍፍበት ይመስለዋል። ስለዚህ በእናታቸው በባሂያ መታሰቢያ ቅዳሜ፣ በብጣሽ ወረቀት የአባቱን፣ የእናቱንና የወንድሙን ስም ጽፎ ለአባ ቢሾይ ሰጠው። ካህኑም የተጻፈለትን አነበበ።

"ባሪያህን ኢስካንደርን፣ ባሪያህን ባሂያን፣ ባሪያህን ቡቅጡርን…"

"እሱን ይመልሱት!"

ሰው ሁሉ ዞር አለ። ኢንሳፍ ከሴቶቹ ረድፍ ወጥታ መሐል መተላለፊያው ላይ ቆማለች፤ በዚያ ሁሉ ጥቁር መካከል ቀይ ለብሳ።

"ያ ስም የረቡዕ ነው!" አለች። "ካወጡበት ቦታ መልሱት!"

ዜማውን የሚመራው ዓይነ ስውሩ ላቢብ ሳቁን ለመደበቅ ጸናጽሉን አንኳኳ። አባ ቢሾይ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጸሎቱ እንደምንም አለቀና ኢንሳፍንና ሻኪርን በስተጓሮ ባለችው ክፍል አስቀመጣቸው።

"ልጄ" አላት፣ "በጸሎት መካከል መጮህ ምን ይባላል?"

"በሕይወት ያለን ሰው ከሙታን ጋር መጥራትስ ምን ይባላል አባ?"

"በሕይወት መኖሩን በምን አወቅሽ?" ሻኪር ጣልቃ ገባ። "ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው! ቢኖር ኖሮ ይጽፍ ነበር። ወንድሜ ሰው ነው፣ ድንጋይ አይደለም።"

"ወንድምህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ? ድንጋይ ነው።"

"እህ! አዩ አባ? ለሙት እንኳ አታዝንም።"

"ላልሞተ ምን ብዬ ልዘን? አንተ ሻኪር፣ ስማኝ። 'የሸሸ ወንድም አለው' ከምትባል ወንድምህ ቢሞት ትመርጣለህ። እኔ ደግሞ 'ባሏ የሸሸባት' ልባል፤ ይሳቁብኝ፤ እሱ ግን ይኑር። አንዴ ገድዬዋለሁ። ሁለተኛ አልገድልም።"

አባ ቢሾይ መስቀሉን በእጁ አገላበጠ። "ልጄ፣ ጸሎት እኮ እግዚአብሔርን እጅ መጠምዘዝ አይደለም። 'ፈቃድህ ይሁን' ነው የምንለው።"

"እኔም እላለሁ፤ በቀን ሰባት ጊዜ እላለሁ። ፈቃዱ ይሄ ነው ብሎ ለእርስዎ ማን ነገረዎት? ዳኛውን መውጫ መግቢያ ያሳጣችውን መበለት ጌታ አመሰገናት እንጂ 'ዝም በይ' አላት? ለሰው ሁሉ አስታራቂ አይቀመጥም አባ። አንዳንዱ ራሱ ይሟገታል።"

ካህኑ የሁለቱንም አፍ ለመዝጋት አንድ ብልሃት አገኘሁ አለ። ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ የቡቅጡር ስም ቅዳሜም፣ ረቡዕም አይጠራም። ሻኪር እያጉረመረመ ተቀበለ። ኢንሳፍ ግን ወይ ፍንክች! በሚቀጥለው ረቡዕ ዲያቆኑ "መንገድ ስለ ሄዱት አባቶቻችንና ወንድሞቻችን ጸልዩ" ሲል፣ ካህኑ ስሞቹን ጠርቶ ሲጨርስ፣ ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ ዘለቀ፤ "ቡቅጡርን!" ዓርብም ዘለቀ። አባ ቢሾይ ገሠጻት፤ ዘለቀ። ቁርባን እንደሚከለክላት አስፈራራት፤ "ይከልክሉኝ፤ እሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ ለምጃለሁ" አለችው። አልከለከላትም። እንዲህ እየሆነ ሰባት ወር ሄደ።

በኪያክ ወር፣ በገና ጾም ውስጥ፣ ጉም ወንዙን በሸፈነበት ረቡዕ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ኢንሳፍ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘግቷል። ካህኑ የመንገደኞቹን ስም ጨርሶ እንደ ልማዱ ያንን ጩኸት ጠበቀ። ኢንሳፍ አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ አልወጣም። አንገቷን ይዛ ደግማ ሞከረች፤ እንባ በዓይኗ ሞላ። አባ ቢሾይ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ መሠዊያው መልሶ፣ "ባሪያህን ቡቅጡርንም" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ ይጠራው ጀመር፤ ስለዚያ ነገርም ሁለቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

ወሬው የመጣው ከዚያ በአራተኛው ዓመት ነው። ባግዳድ ሌላ ጦርነት ገብቶባት፣ ከዚያ የቀሩት የመጨረሻ ሠራተኞች እየተንጠባጠቡ ሲመለሱ፣ ዋሂብ የሚባል የአጎራባች መንደር ሰው ሻኪር ቤት መጣ። የእጅ ሰዓት ይዟል። ሻኪር ሰዓቱን ገና ሲያየው አወቀው። ኢንሳፍን አስጠሯት፤ ዱቄት ከእጇ ሳታራግፍ ደረሰች።

"ባስራ ነበርን፤ አብረን" አለ ዋሂብ፣ መሬት መሬት እያየ። "ቡቅጡር ዳቦ ቤት ነበረው። ዘንድሮ ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልቡ ቀጥ አለች። እኔ ነኝ ያስቀበርኩት።"

"ዘንድሮ?" አለች ኢንሳፍ።

"ዘንድሮ።"

"እስከ ዘንድሮ በሕይወት ነበር?"

"ነበር እንጂ። ጤነኛ ነበር።" ዋሂብ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ… እውነቱን ልንገራችሁ። እዚያ አግብቶ ነበር። ሦስት ልጆች አሉት።"

ሻኪር ራሱን ያዘ። ኢንሳፍ ቁጭ አለች፤ ወንበር ላይ ሳይሆን ያገኘችው መሬት ላይ። ሃያ ዓመት ሙሉ ካሰበችው ሁሉ ውስጥ ይሄ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነበረ። ግን ማሰብና መስማት ለየቅል ናቸው። ያችን የማታውቃትን ሴት ጠላቻት፤ በሦስቱም ልጆች ቀናች፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ፣ እፍረት ሳይሰማት፣ ደስ አላት። አልገደለችውማ! ያቺ ቅዳሜ አልሠራችም!

"ቦምብ የወደቀባችሁ ጊዜስ?" አለች።

"ወይ ጉድ፣ ስንት ጊዜ! አንዴማ የጎረቤቱ ቤት ከነሰዎቹ ሲጠፋ፣ እሱ ጆሮው ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈ ወጣ። እኛ እንኳ ተገርመን…"

"ምን ቀን ነበር?"

"ቀኑን አሁን ማን ያስታውሰዋል፣ እህቴ?"

"ረቡዕ ነው" አለች ኢንሳፍ። "ካልሆነም ዓርብ።" ከዚያ ልትጠይቀው የማትፈልገውን ጠየቀች። "ስሜን አንሥቶ ያውቃል?"

ዋሂብ ሰዓቱን ከእጅ እጅ አዘዋወረ። "ስምሽን አይደለም። ዳቦ ሲያወጣ ግን አንዳንዴ ይስቅና፣ 'ያለ ስንቅ የሰደደችኝ ሴት ነበረችኝ፤ እልኋ መቼም አይረሳኝ' ይል ነበር።"

ኢንሳፍ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ቀይ ጀለቢያዋን አወለቀች፤ በትልቁ ጎላ ጥቁር ቀለም አፍልታ ነከረችው። ሲደርቅ ቢጫዎቹ አበቦች እንደ ጥላ ይታዩ ነበር። ለብሳው ስትወጣ ጉድጓድ ውሃው ላይ ያሉት ሴቶች፣ እነዚያው ሃያ ዓመት ሙሉ "ጥቁር ልበሺ፣ ነውር ነው" ሲሏት የኖሩት፣ ከበቧት።

"አውልቂው! ለዚያ ከዳተኛ ነው የምታዝኚለት?"

"አሁን ነው ቀይ መልበስ፣ እህቴ! እልል ብለሽ!"

"እናንተ መቼ ነው ልክ የምትሆኑት?" አለቻቸው። "በሕይወት ሳለ አልቅሺ አላችሁኝ፤ ሲሞት ዝፈኚ ትሉኛላችሁ።"

ሻኪር ደግሞ ከሁሉም ባሰ። በአንድ ጀምበር የወንድሙን ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ፣ አባ ቢሾይ ዘንድ ሄደ። "ሙት ወቃሽ አትበሉኝ፤ ግን የዚህ ሰው ስም በእኛ ቤተ ክርስቲያን በሙታን መሐል እንዳይጠራ። እናቴና አባቴ ከሚጠሩበት አፍ የእሱ ስም አይውጣ።" ኢንሳፍ ስትደርስ ሻኪር ገና እዚያው ነበር። አባ ቢሾይም አንገቱን ነቀነቀ።

"ከባድ ነው፣ ልጄ። ሚስቱ በሕይወት እያለች ሌላ አግብቶ፣ ቁርባኑን አፍርሶ… ንስሐ መግባቱንም አናውቅም።"

ኢንሳፍ የመጣችው በእርጋታ ልትነግረው ነበር። እርጋታው ከበሩ አላለፈም።

"እኔ የምለው" አለች፣ "እናንተ ሰዎች ጸሎትን ምን አድርጋችሁት ነው? ደሞዝ ነው እንዴ፣ ደህና ለሠራ የሚከፈል? ያኔ ቡቅጡር ሳይሞት፣ ጤነኛ ሆኖ ዳቦውን እየጋገረ፣ በሙታን መሐል ካልተጠራ ብላችሁ አንገቴን አነቃችሁኝ። ያኔ ጸሎቱ ለምን ይጠቅመው ነበር? አሁን ሞተ። አሁን እዚያ ባዶ እጁን ቆሟል፤ ከነኃጢአቱ ቆሟል። ጸሎት የሚያስፈልገው ዛሬ ነው፤ ዛሬ አይገባውም ትሉኛላችሁ! ለጻድቅማ ምን ያደርግለታል? ጻድቁ ይልቅ ለእናንተ ይጸልይላችሁ!"

"የበደለው አንቺን ነው እኮ" አለ ሻኪር፤ ግራ ገብቶት ነበር።

"እኔን ነው! ስለዚህ ማንም አያገባውም። የበደላት ሴት 'ይጸለይለት' ካለች የቀረው ሰው ምን ጥልቅ አደረገው?" ወደ ካህኑ ዞረች። "ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አባ። ከጠሩት ጠሩት። ካልጠሩት ድምፄን ያውቁታል፤ ዘንድሮ ጉንፋን የለብኝም።"

ቅዳሜ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ለወትሮ የእሑድ ያህል እንኳ ሰው አይሞላውም ነበር፤ ያን ቀን ግን መቆሚያ ጠፋ። የመጣው ለጸሎት ነው ብሎ የሚምል ካለ ይማል። ሻኪርም ነበር፤ ከኋላ፣ ምሰሶ ሥር። ዲያቆኑ "ስለ አንቀላፉት አባቶቻችንና ወንድሞቻችን ጸልዩ" አለ። አባ ቢሾይ የተሰጡትን ስሞች አንድ በአንድ ጠርቶ ጨረሰ። የቡቅጡር አልነበረበትም። ወረቀቱን አጠፈ፤ ግን ጸሎቱን አልቀጠለም። ጥናውን እንደያዘ፣ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ቆመ። እየጠበቃት መሆኑን ኢንሳፍ አወቀች፤ ይህን ስም መጥራት የማን እንደሆነ ገብቶታል።

በቅዳሜ ጸሎት የባሏን ስም ስታነሣ ይህ ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያዋን ቀን ልትገላገለው ብላ ነበር የጠራችው። ያ ስም ከአፏ ሲወጣ ሃያ ዓመት ሙሉ በሁለት እጇ አንቃ የያዘችው ገመድ እንደሚለቀቅ ተሰማት፤ ከእንግዲህ ረቡዕ የላትም፤ ዓርብም የላትም። ለአፍታ ልታስቀረው ፈለገች።

"ባሪያህን ቡቅጡርን" አለች፤ ጮክ ብላ፣ ሳታለቅስ።

ማንም አልመለሰም። ሴቶቹ አቀርቅረዋል፤ ወንዶቹ ወደ ሻኪር ያያሉ። "ኪርያላይሶን" አለች ኢንሳፍ ለራሷ ጸሎት ራሷ እየመለሰች። ደገመችው። ሁለተኛውን ስትጨርስ ዓይነ ስውሩ ላቢብ ጸናጽሉን መታና በዚያ በሻከረ ድምፁ ተቀበላት። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። በመጨረሻ፣ ሁሉም ሊጨርስ ሲል፣ ከምሰሶው ሥር አንድ የታፈነ የወንድ ድምፅ "ኪርያላይሶን" አለ፤ ኢንሳፍ ዞር ብላ አላየችውም፤ ድምፁን ግን ታውቀዋለች።

ሲወጡ ሻኪር ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል። የወንድሙን ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

"ይቅር አልሽው ማለት ነው፣ ኢንሳፍ?"

"ማን ነው ይቅር ያለው?" ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ይሠራል። "ሃያ ዓመት አስቆጥሮኝ፣ ከአህያ በታች ጽፎኝ፣ ሌላ ትዳር መሥርቶብኝ፣ እንዲሁ በቀላሉ? ሲኦል ከወረደብኝ የት አገኘዋለሁ? መጀመሪያ ገነት ይግባልኝ። ቀኔ ሲደርስ ያችን ዳቦ ጋግሬ ይዤለት እሄዳለሁ፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ይብላና፣ ከዚያ በኋላ ነው የምንነጋገረው።"